ስለ ድልድዩ ሥዕል ከልብ የቀረበ ምስጋና

ለከተማችን የቅርስና የጉብኝት ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ ተሻለዎት? ጥያቄዬ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ፤ አዲሱ የታሪካዊ ቦታዎች የእግርና የብስክሌት መንገድ በተመረቀ ዕለት በነጭ ሸሚዝና በክራባት ብስክሌት ላይ ወጥተው፣ ሁለት ባልደረቦችዎ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ኮርቻውን ደግፈውልዎ፣ ከሪባኑ እስከ ድንኳኑ ሲነዱ ከሕዝቡ መካከል ቆሜ አይቻለሁ፤ ሲወርዱም ወገብዎን ይዘው ነበርና ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም። ለቤተሰብዎ፣ ለጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች፣ በተለይም ለእነዚያ ለሁለቱ ደጋፊዎች ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

ይህቺ ደፋር ደግሞ ማን ናት እንዳይሉኝ፣ ሩቅ ሰው አይደለሁም። ከአሮጌው ፖስታ ቤት ጀርባ ያለሁት ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የዚያን ዕለት በመቀስ የቆረጡትን ቀይ ሪባን ጠርዙን የዘመዘምኩት እኔ ነኝ። ከእኔ ሱቅ ቀጥሎ፣ በአንድ ስስ ጣውላ ብቻ ተለይቶ፣ የታላቅ ወንድሜ ሱቅ አለ። እኔ ወንድም ጋሼ እለዋለሁ፤ ከተማው ሰዓት ሠሪው ይለዋል። በቢሮዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ትልቁ ሰዓት ሳይቀር በእሱ እጅ ያለፈ ነው፤ ዛሬ ጽሕፈት ቤቱ ወደ ኋላ የሚቀር ከሆነ ጥፋቱ የሰዓቱ እንዳልሆነ በወንድሜ ስም ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ።

የወንድም ጋሼ ዓይን እየደከመ ነው። መካከሉ ደብዝዞ ዳር ዳሩ ብቻ ይታየዋል፤ የሰው ፊት ሲያይ ጆሮውንና ፀጉሩን ያይና የቀረውን ከድምፁ ይሞላዋል። የዓይን ሐኪሙ በቅርቡ አስቀምጦ፣ ማየት የምትፈልገው ነገር ካለ አታሳድር፣ ዘንድሮን ያለፈ ተስፋ ልሰጥህ አልችልም አለው። ይህን የሰማን ቤተሰቦቹ በሙሉ ተሰብስበን ምን ማየት እንደሚፈልግ ጠየቅነው። ሚስቱ ባሕር ማለቱ አይቀርም ብላ ከቁም ሣጥኑ ላይ ሻንጣውን አውርዳ አቧራውን ማራገፍ ጀምራ ነበር። እሱ ግን፣ የድንጋዩን ድልድይ አለ።

ክቡር ሆይ፣ ያ ድልድይ ለእርስዎ ቅርስ ነው፤ ለእኛ ደግሞ ብስክሌት የለመድኩበት ቦታ ነው። ልጅ ሳለሁ ወንድም ጋሼ ኮርቻዬን ከኋላ ይዞ፣ ይዤሻለሁ፣ ይዤሻለሁ እያለ በድልድዩ ላይ ይሮጥ ነበር፤ አንድ ቀን ይዤሻለሁ እያለ ለቀቀኝና ብቻዬን ተሻገርኩ። ያቺን ድንጋይ ነው በቀረችው ዓይኑ አንድ ጊዜ ማየት የፈለገው። እርስዎም በምረቃው ንግግርዎ መንገዱ ከአሮጌው የከተማ በር ተነስቶ፣ በጥበቃው ማማ አልፎ፣ በድንጋዩ ድልድይ እንደሚያበቃና ማንም ዜጋ በአንድ ቀን ታሪኩን በእግሩም በጎማውም ሊዳስስ እንደሚችል አብስረውን ስለነበር፣ ደስ ብሎን ጉዞ ጀመርን። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በዚያ ቀን ያገኘነውን ሁሉ በቅደም ተከተል እንዳመሰግንዎ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ. ስለ ቀስቶቹ አመሰግናለሁ። በአሮጌው በር ሥር ሁለት የሚያማምሩ ሰሌዳዎች ተተክለዋል። ሁለቱም «ወደ ጥበቃው ማማ» ይላሉ፤ አንዱ ወደ ቀኝ ያመለክታል፣ ሌላው ወደ ግራ። እዚያ ቆመው ይጨቃጨቁ የነበሩ ባልና ሚስት አግኝተን ነበር፤ ባል በቀኙ ሚስት በግራው ይሁን ብለው ሲነጋገሩ ቆይተው በመጨረሻ ተኳርፈው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እኔ ግን ለጽሕፈት ቤትዎ ስልክ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በጣም በትሕትና፣ መንገዱ ክብ ስለሆነ በየትም ቢሄዱ መድረስዎ አይቀርም አለችኝ። እውነቷን ነው። በዚህ ስሌት ለከተማው ሁሉ አንድ ሰሌዳ ይበቃ ነበርና የሁለተኛውን ድካም ስላልሰሰታችሁብን እግዜር ይስጥልን። ወንድም ጋሼም በጊዜው፣ እኔ ዓይኔን ብታመም ነው፤ እነሱን ምን ነካቸው ብሎ ለጤናችሁ አስቦ ነበር።

፪ኛ. ስለ ዘበኛው አመሰግናለሁ። ብስክሌታችን እንደሌላው አለመሆኑን አልሸሽግም። የሰፈራችን ብስክሌት ጠጋኝ፣ ጎማው እያልን የምንጠራው፣ ወንድም ጋሼ ለብቻው መንዳት እንደማይሆንለት ሲሰማ አንድ ሰማያዊና አንድ ቀይ አሮጌ ብስክሌት በብየዳ አያይዞ ባለ ሁለት ኮርቻ አደረገልን። እኔ ከፊት መሪውን ይዤ፣ እሱ ከኋላ ፔዳሉን እየረገጠ፣ ከበሩ በመንገዱ ዳር እስካሉት ዛፎች ድረስ እንደ ሙሽራ እየተዝናናን ሄድን። እዚያ ግን፣ የብስክሌት መንገድ ተብሎ በተሰየመው ክፍል መግቢያ ላይ፣ «ብስክሌት መንዳት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያና አንድ ዘበኛ ጠበቁን።

ዘበኛው ክፉ ሰው አይደለም። መከልከሉ አዲሱ አሸዋ እንዳይበተን መሆኑን አስረድቶን፣ ብስክሌት ግን በእጅ መግፋት እንደሚቻል፣ ይሁንና ደንቡ ለአንድ ብስክሌት አንድ ሰው ብቻ እንደሚፈቅድ ነገረን። ከዚያ የእኛን ብስክሌት ዞር ዞር ብሎ አየና፣ እናቴ፣ ይሄ ነገር አንድ ነው ወይስ ሁለት? ብሎ ጠየቀኝ። ከፊት ሲያዩት አንድ ነው፣ ከጎን ሲያዩት ሁለት ነው አልኩት። ራሱን አከከና ወደ አለቆቹ ደወለ። አለቆቹም ጉዳዩ በኮሚቴ ሳይታይ መልስ መስጠት እንደማይችሉ፣ ኮሚቴው ደግሞ ለጊዜው ሰብሳቢ እንደሌለው ነገሩት። በመጨረሻ ዘበኛው ራሱ አዘነልንና፣ እኔ መሪውን፣ ወንድም ጋሼ ኮርቻውን፣ እሱ የኋላውን ይዘን ሦስት ሆነን ገፍተን አሳለፍነው። በብስክሌት መንገድ ላይ ብስክሌት ለመግፋት ሦስት ሰው ያስፈልጋል ብዬ አልገመትኩም ነበር፤ በኋላ ግን በምረቃው ዕለት እርስዎም ሦስት ሆናችሁ እንደነበር ሳስታውስ ደንቡ ከየት እንደመጣ ገባኝ።

፫ኛ. ስለ ወንበሮቹ። ማማው ካለበት ኮረብታ አናት ሲደርሱ ከታች ሸለቆው ወለል ብሎ ይታያል፤ ወንዙ ሲጠማዘዝ፣ የእርሻው ቀለም፣ ሩቅ ያሉት ተራሮች፣ ሁሉም። ጽሕፈት ቤቱ እዚያ ቆንጆ የድንጋይ አግዳሚ ወንበሮች አሠርቷል። ሁሉም ጀርባቸውን ለሸለቆው፣ ፊታቸውን ለእብነ በረዱ የምረቃ ሰሌዳ ሰጥተዋል። ሰሌዳው ላይ የእርስዎ ስም፣ የምክትልዎ ስም፣ የምክትልዎ ረዳት ስም በወርቅ ቀለም ሰፍሯል፤ ማማው መቼና ለምን እንደተሠራ ግን ቦታ ስላልበቃ አልተጻፈም። ዓይን ከማየት አይጠግብም ይባላል፤ የእኔ ግን ቶሎ ጠገበ። ወንድም ጋሼ መደገፊያውን በእጁ ዳስሶ ነገሩን ሲረዳ ሳቀ፤ እግሮቹን በመደገፊያው ክፍተት አሾልኮ ወደ ሸለቆው ዞሮ ተቀመጠና፣ በይ አንቺ መሐሉን ንገሪኝ፣ ዳር ዳሩን እኔ አየዋለሁ አለኝ። እኔም ነገርኩት። የአንድ ቤት ቆርቆሮ ፀሐይ መትቶት ሲያብለጨልጭ፣ ሁለት ሴቶች በወንዙ ዳር ልብስ ሲያሰጡ፣ አንድ ውሻ ያለ ምንም ምክንያት ሲሮጥ። ከጉዟችን ሁሉ በጣም ደስ ያለኝ ይህ ሰዓት ነበርና ስለ ወንበሮቹ ብዙም አልነቅፍዎም።

፬ኛ. ስለ ድልድዩ። እስካሁን የጻፍኩት ለማሟሟቅ ነው፤ ምስጋናዬ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ከኮረብታው ወርደን ወንዙ ዘንድ ስንደርስ ድልድዩ አልነበረም። ማለቴ ነበረ፤ ግን በሥዕል። ጽሕፈት ቤቱ ድልድዩ እስኪታደስ ድረስ የጎብኚ ዓይን እንዳይጎዳ ብሎ ከፊቱ ከፍ ያለ የብረት ማቀፊያ አቁሞ፣ በላዩ ላይ የድልድዩ ፎቶግራፍ በትልቁ የታተመበት ሸራ ወጥሮበታል። ፎቶው ያማረ ነው። ሰማዩ ከእውነተኛው ይልቅ ሰማያዊ ነው፤ ወንዙም ከእውነተኛው ይልቅ ሙሉ ነው። ከሥሩ «ድልድዩን ከዚህ ይመልከቱ» ይላል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት ይህን ያህል ተስሎ አይቼ አላውቅም።

ለወንድም ጋሼ እንዴት እንደምነግረው ሳስብ እሱ ቀድሞኝ ከብስክሌቱ ወርዶ ነበር። ባርኔጣውን አወለቀ። አንገቱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዘነበለ በዓይኑ ዳር ተመለከተና፣ አይ! እንዴት አድርገው አጸዱት! ድንጋዩ ዛሬ የተጠረበ እኮ ነው የሚመስለው! አለ። የድልድዩ ጠባቂ በመገረም አየኝ፤ እኔም ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። እንሻገር እንጂ ሲለኝ፣ ዛሬ አይቻልም፣ ሲሚንቶው አልደረቀም ብዬ ዋሸሁት። የዚያን ዕለት ነፋስ ነበርና ሸራው እየተነፋ ይርገበገብ ስለነበር፣ ድምፁ እንዳይሰማው ብዬ ስለ አየሩ፣ ስለ ክር መወደድ፣ ስለ ጎረቤቶቻችን ሁሉ እየጮህኩ አወራሁ። እሱም ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም። እሺ፣ ማየቱ ይበቃኛል ብሎ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ።

ወደ ብስክሌቱ ከመመለሳችን በፊት ግን በሸራው ጠርዝ ባለው ክፍተት አጮልቄ አየሁ። ድልድዩ አለ! አንድ ድንጋይ አልጎደለበትም። የሚያድሰው ሰው ግን አንድም አላየሁም፤ የተገለበጠ ጋሪና በላዩ ላይ የቆመ ወፍ ብቻ። ሣሩ በመሐሉ እስከ ጉልበት ድረስ አድጓል። ጠባቂው ሸራው ተወጠረ ብሎ በነገረኝ ሰሞን የእህቴ ልጅ ታጭታ ነበር፤ ዛሬ ልጇ ዳዴ ይላል። ሲሚንቶው አልደረቀም ያልኩት ውሸት እንኳ ትልቅ ክብር ነበር፤ ለካ ገናም አልተቦካም።

በማግስቱ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ወንድሜን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ከሸራው ጀርባ እንዲያስገቡልኝ ለመለመን ፈልጌ ነበር። እርስዎ መስክ ነበሩ። ጸሐፊዎም በጨዋ አነጋገር፣ ድልድዩ ዝግ መሆኑን፣ ሥዕሉ ግን በበዓል ቀን እንኳ ክፍት መሆኑን አስረዱኝ። ስለ ወንድሜ ዓይን ስነግራቸው ከልባቸው አዘኑ፤ ዕድሳቱ በሚቀጥለው ዓመት ሲጠናቀቅ በክብር እንግድነት እንዲጠራ ስሙን መዘገቡልኝ። ክቡር ሆይ፣ በሚቀጥለው ዓመት ወንድሜ ድልድዩንም ሥዕሉንም አይለይም። የቸኮልኩት ለዚህ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። በዚህ ነገር ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ አዝኛለሁም፤ በጨዋታ ስላቀረብኩት ቀላል አይምሰልዎ።

ስለዚህ አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ የጽሕፈት ቤቱን ክብርም ሆነ ዕቅድ የማይነካ ነው። ሸራው አይነሳ። ሥዕሉም አይቀደድ። የድልድዩ አፍ በታተመበት በኩል፣ ከላይ እስከ ታች፣ ረጅም ዚፕ ልገጥምበት ይፍቀዱልኝ። ለድንኳን የሚሆን ጠንካራ ዚፕ አለኝ፤ ለስፌቱ የምጠይቀው ነገር የለም። አንድ ጠዋት እንከፍተዋለን፤ ወንድም ጋሼ ገብቶ ድንጋዩን አይቶ፣ ዳስሶ፣ ተሻግሮ ይወጣል፤ መልሰን እንዘጋዋለን። ከዚያ በኋላ ጎብኚው ሥዕሉን እንደ ልማዱ ይጎብኝ። እርስዎም በምረቃው በለመዱት መቀስ የመጀመሪያውን ቀዳዳ በክብር ቢከፍቱልን፣ ቀይ ሪባን ጠርዙን ዘምዝሜ እጠብቅዎታለሁ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣም ማውጣቴ በወንድሜ ዘንድ እንደማያሳጣኝ አምናለሁ፤ ጋዜጣ የማነብለት እኔ ስለሆንኩ ይህን ገጽ እዘለዋለሁ። ያነበባችሁት ጎረቤቶችም ሰዓታችሁን ልታሠሩ ስትሄዱ አፋችሁን እንድትይዙልኝ አደራ እላለሁ።

ቀስትዎ ሁሉ ወደ መልካም እንዲያመለክት፣ ወገብዎ እንዲጠና፣ ኮሚቴዎ ሰብሳቢ እንዲያገኝ፣ በማማው ሰሌዳ ላይም ለታሪኩ ጥቂት ቦታ እንዲተርፍ ከልብ እየተመኘሁ፣ ሪባንዎን የዘመዘምኩትን፣ ነገርዎን ግን ገና መዘምዘም ያልጨረስኩትን እኔን በደግ ዓይን እንዲያዩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ታዛዥዎ፣
ከአሮጌው ፖስታ ቤት ጀርባ ያለችው ልብስ ሰፊ

እንደገና፦ ደብዳቤውን አጥፌ ፖስታ ውስጥ ከከተትኩ በኋላ ይህችን ለመጨመር መክፈት ግድ ሆነብኝ። እኔ ስጽፍ ድምፄን አውጥቼ ካልሆነ አልጽፍም፤ በሱቆቻችን መካከል ያለው ጣውላ ደግሞ ስስ መሆኑን ከላይ ነግሬዎታለሁ። ልክ ስሜን ጽፌ ስጨርስ ከጣውላው ማዶ የወንድም ጋሼ ድምፅ መጣ፦ እኔ በዕድሜዬ የድንጋይ ድልድይ በነፋስ ሲርገበገብ ሰምቼ አላውቅም፤ ግን ያን ሁሉ መንገድ ነድተሽ አምጥተሽኝ ሆድሽ እንዳይባባ ብዬ ባርኔጣዬን አወለቅኩልሽ፣ አለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። እኔም፣ ያኔ ይዤሻለሁ እያልክ የለቀቅከኝ ጊዜ የእግርህ ኮቴ ከኋላዬ ሲጠፋ አውቄ ነበር፤ ደስ እንዲልህ ብዬ ዝም አልኩህ አልኩት። በጣውላው ግራና ቀኝ ሆነን ብዙ ሳቅን፤ ከእንግዲህ እንዳንዋሽም ተማማልን። እርስዎንም ኮርቻዎን የያዙት ሁለቱ ባልደረቦች ቢለቁዎት መልካም ነው፤ ሰው መንዳት የሚለምደው የዚያን ቀን ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ሱቅ መጣና ዚፑን እኔው ልምረጥ ብሎ ካለኝ ሁሉ እያነሳ በመስኮቱ ብርሃን በዓይኑ ዳር ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ አንዱን ለይቶ፣ ይሄ ግራጫው ይሁን፣ ከድንጋዩ ጋር ይሄዳል አለኝ። የሰጠኝ ዚፕ አረንጓዴ ነው። መሐላዬን ባፈርሰውም አላረምኩትም። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በድልድዩ ላይ የተሰፋ አረንጓዴ ዚፕ ቢያዩ አይግረምዎ፤ ይልቅስ ይፍጠኑልን።